የደከመ አብራሪ አቤት የሚለው ለማን ነው?

አየር መንገድን የተመለከተ ሙግት ከእንጅባራ ሆኜ ስጽፍ ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። እዚህ ፈረስ እንጂ አውሮፕላን የለም። መብረር የፈለገ የአዊ ሰው በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር መድረስ ግድ ይለዋል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ከመሬት ከተነሣ በኋላ በእንጅባራው መምህርና በአዲስ አበባው ባለሀብት መካከል ልዩነት የለም፤ የሁለቱም ሕይወት ያለው በአብራሪው ንቃት ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ያገባናል።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ቀጥሎ ነጎደ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩ መልስ አልነበረም። ዘ አቪዬሽን ሄራልድ የተባለው የአቪዬሽን የዜና ምንጭ እንደ ዘገበው ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ የቀሰቀሳቸውም አውቶፓይለቱ ሲለቅ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው። ከዚያ ዞረው በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ በበኩሉ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበር ገልጾ፣ ሠራተኞቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከበረራ መታገዳቸውን አስታወቀ።

ለሁለቱ አብራሪዎች ጥብቅና ለመቆም አልተነሣሁም። ነገር ግን አብራሪው ሲተኛ የታገደው አብራሪው ነው። የሥራ ሰሌዳውን ያወጣው ክፍል ግን በመግለጫው ውስጥ ስሙም አልተነሣ። ለመሆኑ አንድ አብራሪ ከበረራው በፊት «ደክሞኛልና አልበርም» ብሎ ቢናገር ማን ከጎኑ ይቆማል?

«የበረራ ሰዓት በደንብ የተገደበ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ገደብ አለ። ገደብ ግን ሰዓት ይቆጥራል እንጂ እንቅልፍ አይቆጥርም። የአየር መንገዳችን አሠራር መንገደኛውን ሌሊት ከአውሮፓና ከእስያ አምጥቶ፣ ጠዋት ቦሌ ላይ አገናኝቶ ወደ አፍሪካ ከተሞች መበተን ነው። ገበያው ይህን ይጠይቃል፤ ድርጅቱ ያደገውም በዚህ ነው። የሰው አካል ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ከሁሉ ይልቅ ይደክማል። በዚያ ሰዓት የተሠራ ስምንት ሰዓትና በቀን የተሠራ ስምንት ሰዓት በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በኮክፒት ውስጥ ግን አይደሉም። ይህን ልዩነት ከቢሮ ሆኖ ማየት አይቻልም። የሚያውቀው በመቀመጫው ላይ የዋለው ሰው ነውና፣ የሥራ ሰሌዳ ሲወጣ ድምፅ ሊኖረው ይገባል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጡትን የአገው ፈረሰኞች አይቶ ያላደነቀ የለም። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። አንድ የማኅበሩ አባል የሆኑ አዛውንት በአንድ ወቅት እንዲህ ብለውኛል፦ «ልጄ፣ ፈረስ ሲደክም ይናገራል። ላቡ ይናገራል፣ ጆሮው ይናገራል። እያየ የሚጋልበውን ሰው ሽማግሌ ፊት እናቆመዋለን።» አብራሪ ከፈረስ የሚለየው አፍ ስላለው ነበር።

እስቲ ሕጉን እንመልከት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ ከአሠሪያቸው ጋር የመደራደርና ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን የማሰማት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን፣ ቀድሞ በቁጥር 377/1996፣ ኋላም በቁጥር 1156/2011፣ የአየር ትራንስፖርትን እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ የሕዝብ አገልግሎቶች ተርታ አስቀምጦ ሥራ ማቆምን ከለከለ። ክርክር ሲነሣ በአስማሚና በቦርድ ይታያል ይላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የአየር ትራንስፖርት ከዚህ ዝርዝር እንዲወጣ ለዓመታት ሲወተውት ኖሯል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የድርጅቱን ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ እንግዲህ ስንት ዘመን አለፈ?

እዚህ ላይ ለተቃራኒው ወገን አንድ ነጥብ ልተው። ይኸው ድርጅት የበረራ ቁጥጥርን ሥራ ማቆም ሊከለከልበት ከሚችል አገልግሎት ይቆጥረዋል፤ የአብራሪዎችን ሥራ ግን አይቆጥርም። ልዩነቱ ትርጉም አለው። ተቆጣጣሪው ሥራ ሲያቆም በሰማይ ላይ ያለው አውሮፕላን ለአደጋ ይጋለጣል። አብራሪው ሥራ ሲያቆም ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቆማል፤ የሚጎዳው ገቢ እንጂ ነፍስ አይደለም። የእኛ ሕግ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ከተተ።

መከልከልም ቢሆን በምትኩ ሌላ በር መክፈትን ይጠይቃል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ምን ሆነ? ጡረተኞች ተጠርተው እንዲሠሩ ተደረገ፤ ዘጠኝ ሰዎች ታሰሩ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር የአዲስ አበባ ሰማይ ለበረራ አስጊ ሆኗል ሲል አስጠነቀቀ፤ አየር መንገዱ አስተባበለ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ባለሙያ ለጥያቄው ፖሊስ ሲመጣበት ያየ ሌላ ባለሙያ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አፉን ይዘጋል። ዝም ያለውም አብራሪ ወይም ተቆጣጣሪ ከሆነ፣ ዝምታው የእኔና የአንተ ጉዳይ ነው።

ጎረቤታችንን ደግሞ እንይ። የኬንያ አየር መንገድ አብራሪዎች በጥቅምት መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ሥራ አቁመው ነበር። መንገደኛ ተጉላላ፣ ድርጅቱ ከሰረ፤ ይህን ማንም አይወድም። ነገር ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛዋ አብራሪዎቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ፣ አስተዳደሩም እንዳይቀጣቸው አዘዙ። በቀናት ውስጥ በረራው ቀጠለ።

በአሜሪካም የካቲት 2001 ዓ.ም. ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሲሞቱ መርማሪዎች የአብራሪዎቹን ድካም አነሡ። ረዳት አብራሪዋ ሥራ ለመግባት ሌሊቱን ሙሉ አገር አቋርጣ ነበር የመጣችው። የሟች ቤተሰቦች አልተኙም፤ የአብራሪዎች ማኅበራትም ገፉበት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ከበረራ በፊት አሥር ሰዓት ዕረፍት፣ በዚያም ውስጥ ስምንት ሰዓት ያልተቆራረጠ የእንቅልፍ ዕድል አዘዘ። አብራሪው ደክሞኛል ካለም አይበርም።

ለዚህ ሃምሳ ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለብንም። አዋጁ ዳግም ሲሻሻል የአብራሪዎች ሥራ ከተከለከሉት ዝርዝር ይውጣ። መንግሥት ይህን ከፈራ ቢያንስ የሥራ ሰሌዳና የዕረፍት ሰዓት የሚወሰነው የአብራሪዎች የሠራተኛ ማኅበር ፈርሞበት ይሁን፤ «ደክሞኛል» ያለ አብራሪም በዚያ ቃሉ ምክንያት ብቻ እንዳይቀጣ በሕግ ይጻፍ።