በማይክሮስኮፕ ያልታየ ትል

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሆድ ትል የሚፈለገው በአብዛኛው በአንድ መንገድ ነው። ታካሚው በትንሽ ዕቃ ሰገራ ይዞ ይመጣል። ባለሙያው በስንጥር ጫፍ ቆንጥሮ ስላይድ ላይ ከጨው ውሃ ጠብታ ጋር ይበጠብጠውና በስስ መስታወት ከድኖ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የሚታየው ሰገራ 2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅንጣት እንቁላል ካልተገኘ ታካሚው ትል የለብህም ተብሎ ይሸኛል። ስህተቱ በአንድ ታካሚ ላይ ቢያበቃ ባልከፋ፤ ይኸው አስተሳሰብ ግን የመድኃኒት ዘመቻ የት ይቀጥል፣ የት ይቁም ለሚለው ውሳኔም መሠረት ሆኗል።

በቅኝት ሥራ ላይ የሚውለው የካቶ ካትዝ ዘዴ ከዚህ ይሻላል። በጃፓን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 በብራዚል የተሻሻለ ነው። በወንፊት የተጣራ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ተለክቶ ግሊሰሪን በጠጣ ሴሎፋን ይሸፈናል፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው መጠን ይገኛል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ሆዱ በትል የተሞላ ሕፃንንም እምብዛም አይስትም። ጉድለቱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው። አንድ እንቁላል መታየቱ በግራም 24 ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ ያነሰ እንቁላል በሰገራው የሚወጣ ሰው የሚገኘው በዕድል ነው። የመንጠቆ ትል ነገር ደግሞ ይብሳል። ግሊሰሪኑ እንቁላሉን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ አጥርቶ ከዓይን ይሰውረዋል። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስላይድ የተደረደረበት ባለሙያ የመጨረሻውን እስኪያነሳ ድረስ ማስረጃው ጠፍቷል።

ከሁሉ የከፋው የስትሮንጂሎይድስ ጉዳይ ነው። የዚህ ትል እንቁላል አንጀት ውስጥ ስለሚፈለፈል ሰገራ ላይ የሚወጣው እጩ ነው። በመሆኑም እንቁላል የሚቆጥረው ካቶ ካትዝ አያገኘውም። ትሉ የተሸከመውን ሰው መልሶ መላልሶ ስለሚይዝ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ከኢትዮጵያ ወጥቶ እስራኤል ወይም አሜሪካ ካረጀ ሰው ሆድ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ሲታዘዝለት እጩ በመላ ሰውነቱ ተሠራጭቶ ሊገድለው ይችላል። በትምህርት ቤት የሚታደለው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞልም ይህን ትል በአግባቡ አያጠፋም፤ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ሥርጭቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ አይቨርሜክቲን ለማኅበረሰቡ እንዲሰጥ መክሯል። ትሉን በማያይ ዘዴ የተሠራ ካርታ ግን እነዚያን ቦታዎች ሊያመለክት አይችልም።

ዲኤንኤን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። የእጩንም የእንቁላሉንም ዘረመል ያገኛል። በማይክሮስኮፕ የማይለዩ ዘመዳሞችንም ይለያል፦ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶና አንጎል ውስጥ ሊገባ የሚችለው የአሳማው ኮሶ እንቁላላቸው አንድ ዓይነት ነው። ትሉ በፒሲአር «ቀድሞ ይገኛል» የሚለው ተስፋ ግን ልክ ሊኖረው ይገባል። ወስፋት እንቁላል እስኪጥል 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሰገራ ፒሲአርም ብዙ አይረዳም። የቢልሃርዝያ ሁኔታ የተለየ ነው። በዘረመሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም አጭር ቁራጭ ስላለ፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ዲኤንኤ እንኳ እንቁላል ከመታየቱ በፊት ትኩሳት በጀመራቸው ተጓዦች ላይ ሊገኝ ችሏል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 አገር አቀፍ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ዘመቻ ጀምራለች፤ በወላይታ የገሺያሮ ፕሮጀክት ሥርጭቱን ጨርሶ የመቁረጥ ዓላማ ይዞ ተነሥቷል። ዘመቻ ሲደጋገም በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያለው ትል እያነሰ ይሄዳል፤ ማይክሮስኮፑም የሚደክመው በዚሁ ወቅት ነው። በቤኒን፣ በሕንድና በማላዊ የተካሄደው የዲዎርም3 ጥናት ሥርጭት መቆሙን ለመለካት የመረጠው ፒሲአርን ሲሆን ወሰኑንም 2 በመቶ አድርጓል።

ፒሲአር ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት አለው። ሪኤጀንቱ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ሰገራ ውስጥ ምርመራውን የሚያግዱ ነገሮች አሉ፤ የአንዳንድ ትል እንቁላል ቅርፊቱ በሚገባ ካልተሰበረ ፒሲአሩም ራሱ ይስታል። ይህ ሁሉ ግን ምርመራው በየጤና ጣቢያው ይዳረስ ለሚል ሰው የሚሰጥ መልስ ነው። በቅኝት ሥራ የብዙ ሰው ናሙና ተቀላቅሎ ባንድ ጊዜ ሊመረመር ይችላል፤ ለኮቪድ-19 የተተከሉ ማሽኖችም በክልል ላብራቶሪዎች አሉ። ናሙናው በ95 በመቶ ኢታኖል ከተቀመጠ ዲኤንኤው ያለ ፍሪጅ ለሳምንታት ስለሚቆይ ርቀትም ሰበብ አይሆንም። እንዲህ እየተቻለ መድኃኒት ይቁም የሚል ውሳኔ በካቶ ካትዝ ብቻ መስጠት ገና ትል ባለባቸው ልጆች ላይ መፍረድ ነው።

ጤና ጣቢያዎችም ፒሲአርን መጠበቅ የለባቸውም። ስቴሮይድ ሊጀመርለት ላለ ታካሚ እጩን ለብ ባለ ውሃ የሚያወጣው የቤርማን ዘዴ ይሠራለት፤ ያ ካልተቻለ አይቨርሜክቲን አስቀድሞ ይሰጠው። በ2 ሚሊግራም ሰገራ ላይ ተመሥርቶ ስቴሮይድ ማስጀመር ግን ሊቀር ይገባል።