ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣ ስለ በጎቹም ይጠየቅ

በኩልመስክና በአካባቢዋ ባለው የላስታ ደጋ በግ ለገበሬው ልብሱም ጥሬ ገንዘቡም ነው። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ምጥ የያዛት በግ ከውጭ አትተውም፤ ሰው ከሚተኛበት ቤት ጥግ ታድራለች። ግልገሉን የቤቱ እመቤት ወይም እረኛው ልጅ በባዶ እጅ ተቀብሎ ይጠርገዋል፤ የእንግዴ ልጁም ለውሻ ይጣላል ወይም ከፍጉ ላይ ይደፋል። ይህ ከርኅራኄና ከችግር የመጣ ልማድ ስለ ሆነ ለመንቀፍ አልቸኩልም። ነገር ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቈይቶ ከዚያው ቤት አንድ ሰው ብርቱ ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ «በቤትዎ የወለደች ወይም የጨነገፈች በግ አለችን?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ እምብዛም አይገኝም። የእኔ አሳብ ይህ ጥያቄ ደም ከመቅዳት አስቀድሞ ይጠየቅ፣ መልሱም በሕመምተኛው ካርድ ላይ ይጻፍ የሚል ነው።

የምናገርለት በሽታ ኪው ፊቨር ይባላል። በ1935 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአውስትራሊያ፣ በብሪዝበን ከተማ የቄራ ሠራተኞች ምንነቱ ባልታወቀ ትኩሳት ታመሙ። ጉዳዩን የመረመሩት ዶክተር ኤድዋርድ ዴሪክ ለበሽታው ስም ቢያጡለት፣ በእንግሊዝኛ «ጥያቄ» ማለት ከሆነው ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ኪውን ወስደው ሰየሙት። በኋላም ተሕዋሲው በአውስትራሊያ በማክፋርሌን በርኔት፣ በአሜሪካ በሄራልድ ኮክስ ምርምር ስለ ታወቀ ኮክሲየላ በርኔቲ ተባለ። መንሥኤው ከታወቀ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን እንደ ጥያቄ ቀርቷል፤ በእኛም አገር ጠባዩ እንደ ስሙ ሆኖ ይኖራል።

ይህ ተሕዋሲ በበግ፣ በፍየልና በላም ማኅፀን እጅግ ይራባል። በአንድ ግራም የእንግዴ ልጅ ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ሊገኝ ይችላል። ሲደርቅ አይሞትም፤ ከበጠጥና ከአፈር ጋር ተደባልቆ ወራት ይቈያል፣ በነፋስም ይነሣል። ሰው ከዚያ አቧራ ጥቂት ቢተነፍስ ይበቃዋል። ስለዚህ በግ ነክቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ጭምር ይያዛል። በሆላንድ አገር ከ2007 እስከ 2010 ከወተት ፍየሎች የተነሣው ወረርሽኝ ከ4,000 የሚበልጡ ሕሙማን ተመዝግበውበታል፤ መንግሥትም እርጉዝ ፍየሎችን በብዙ ሺህ አስገድሏል። እንዲያ ያለው እርምጃ ለላስታ ገበሬ የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህም እኛ በጊዜ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ከተያዙት ሰዎች ከእኩሌታው የሚበልጡት ሕመም አይሰማቸውም፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ይድናሉ። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን ቢባል፣ መልሱ በሁለት ሰዎች ላይ ነው። አንደኛዋ እርጉዝ ሴት ናት፤ በሽታው ጽንሷን ሊያስወርዳት ወይም ያለ ጊዜው ሊያስወልዳት ይችላል። ሁለተኛው የልቡ መዝጊያ የተጐዳ ሰው ነው። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ቍስል ሳቢያ በሚመጣው የልብ በሽታ የተጐዱ ወጣቶች ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ተሕዋሲው በእንዲህ ያለ ልብ ላይ ከተቀመጠ በዝግታ ወራትና ዓመታት ይሠራል፤ ሕክምናም ካላገኘ ይገድላል።

በሽታው በሰው ላይ የማይታወቀው የራሱ ምልክት ስለሌለው ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ላብ፣ አንዳንዴ የሳንባ ወይም የጉበት ብግነት፣ ይህ ሁሉ ከተስቦና ከወባ ጋር ይመሳሰላል። በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመዱት የዊዳልና የዋይል ፌሊክስ ምርመራዎች ኪው ፊቨርን አያሳዩም። በሰሜን ታንዛኒያ፣ በሞሺ ከተማ፣ ከ2007 እስከ 2008 በትኩሳት ሆስፒታል ከገቡት 870 ሕሙማን 528ቱ ወባ አለባቸው ተብሎ ነበር፤ በእርግጥ ወባ የነበረባቸው 14 ብቻ ሆነው ተገኙ። ለኪው ፊቨር ከተመረመሩት ግን ከመቶ አምስቱ ያህል በእርሱ ታመው ነበር። (ለተስቦ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ለኪው ፊቨርም ዋና መድኃኒት ስለ ሆነ፣ በተሳሳተ ስም ታክሞ የሚድን ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ዕድል እንጂ ሕክምና አይባልም።)

ትክክለኛው ምርመራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፒሲአር የተባለው ምርመራ ተሕዋሲውን ራሱን በደም ውስጥ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ደሙ ለመከላከያ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። አንድ ጊዜ የተቀዳ ደም ብቻውን አያረካም፤ የዛሬ ዓመት የተያዘም ሰው ፀረ እንግዳ አካል ይገኝበታልና። ስለዚህ በሕመሙ መጀመሪያ አንድ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቈይቶ ሁለተኛ ደም ይቀዳል፤ መጠኑ አራት እጥፍ ካደገ በሽታው የአሁን መሆኑ ይረጋገጣል።

በእንስሳት ዘንድ ነገሩ ይለያል። የተያዘች በግ ጤነኛ መስላ ትውላለች፤ በእርግዝናዋ መጨረሻ ስትጨነግፍ ብቻ ይታወቃል፤ ያን ጊዜም የብሩሴላ ውርጃ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ደግሞም በደሟ ፀረ እንግዳ አካል የሌላት በግ ተሕዋሲውን ስታፈስ ትገኛለች፤ ያላትም ላታፈስ ትችላለች። ስለዚህ የደም ምርመራ መንጋውን ለመመዘን እንጂ አንዲቷን በግ ለመኰነን አይጠቅምም። ለአንዲቷ የሚጠቅመው በጨነገፈች በጥቂት ቀን ውስጥ ከእንግዴ ልጁ ወይም ከብልቷ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና ነው። ይህንንም የሚወስደው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ማንም በድፍረት አይንካው። በአገራችን በ2013 በታተመ ጥናት በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከተመረመሩት ፍየሎች ከመቶ 54.2፣ ከከብቶችም 31.6 የቀድሞ መያዝ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ደጋው ቈላ አይደለም ተብሎ ችላ ሊባል አይገባም፤ በጋጥና በሰው መኝታ መካከል ያለው ርቀት በደጋው ይበልጥ ያጥራልና።

የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም የሚጽፉባቸው መዝገቦች በሁለት መሥሪያ ቤት ተቈልፈው እስካሉ ድረስ የአንዱ ቤት ሁለት በሽታ አንድ መሆኑን ማንም አያውቅም። ሁለቱ ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን ተገናኝተው የመንደሮቹን ስም ቢያመሳክሩ ወጪ የለበትም።

ክቡራን መምህራን፣ ከእናንተ የምንሻው ሥራ አለ። ተማሪዎቻችሁ እረኞች ናቸው፤ በጎች በተከታታይ መጨንገፋቸውን ከእኛ በፊት ትሰማላችሁ። እንዲህ ስትሰሙ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ። ናሙናው እስኪወሰድ ውሻ እንዳይደርስበት ይከደን፣ ከዚያም በጥልቅ ይቀበር፤ የሚያነሣው ሰው እጁን በፌስታል ይሸፍን፤ እርጉዝ ሴትና የልብ ሕመምተኛ ወደ በረቱ አይቅረቡ፤ ወለሉም ሳይጠረግ በፊት ውኃ ይረጭበት፤ ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ። ከሁሉ የሚያስቸግረን ሁለተኛው ደም ነው። ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው ሦስት ሳምንት ቈይቶ ለመቀዳት ያን ሁሉ ዳገት አይመለስም። ልጁ ግን በየጧቱ ከእናንተ ዘንድ ነው፤ የቀጠሮውን ቀን በደብተሩ ላይ ጽፋችሁ ለአባቱ ወይም ለእናቱ እንዲያነብላቸው ላኩት።