የተፈጠረውን ሥራ ቆጠራችሁ፤ የጠፋውንስ?

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስወጣ የመንገዱ ዳር በቀን ሠራተኛ ተሞልቷል። አካፋ የያዘ አለ፣ ገመድ በትከሻው ጣል ያደረገ አለ፣ ባዶ እጁን የቆመም አለ። አንድ ሲኖትራክ ቀስ ካለ ሃያው ይሮጣል፤ ሁለቱ ይሳፈራሉ። ከቀሩት አንዱ በአካውንቲንግ የተመረቀ የሰፈሬ ልጅ ነው።

ማታ ዜና እንከፍታለን። ለዚህን ያህል ሺህ ወጣት «የሥራ ዕድል ተፈጠረ»! ጭብጨባ! ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ሥራ የተፈጠረው የት ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ አይደለም ወይ?

ባሕር ዳር እኮ የሥራ ከተማ ነበረች። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ። ባለሙያ ያስፈልጋል ተባለና በ1955 በሶቪየቶች እርዳታ ፖሊቴክኒኩ መጣ። በ1956 ደግሞ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ለፋብሪካው መብራት ሰጠ። አንዱ ሥራ ሌላውን ይወልድ ነበር። ያንን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ ጭሰኛው ያየውን መከራ እናውቃለን። ግን አንድ የፋብሪካው ጡረተኛ ያሉኝ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ፋብሪካ ነበር ሰው የሚፈልገው። አሁን ሰው ነው ፋብሪካ የሚፈልገው።»

እስቲ የጠፋውን እንቁጠር። ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ቱሪስቱ ሸሸ፤ ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ግጭቱ እዚሁ ደጃችን መጣ። ከቱሪስቱ ጋር የጀልባ ነጂው፣ የአስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ትናንሽ የደንገል ታንኳ ሠርቶ የሚሸጠው ልጅ እንጀራ ሄደ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በስልኩ የሚሠራው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዓሣ አስጋሪው ከ2004 ጀምሮ ከእምቦጭ ጋር ይታገላል። ልብስ ሰፍቶ አሜሪካ የሚልክ ፋብሪካ ይመጣል ሲባል ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ ወጣች። ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም መተማ ይወርድ የነበረውም ገበሬ ዛሬ መንገዱን ይፈራል፤ ከሚያገኘው የቀን ሒሳብ ይልቅ አጋች የሚጠይቀው ይበልጣልና!

ታዲያ ይሄ ኪሳራ በየትኛው ሪፖርት ገባ? አልገባም። መደመር እንጂ መቀነስ የማያውቅ ሒሳብ!

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተቆጥሬያለሁ። አምስት ሆነን ለኅትመት ሥራ በማኅበር ተደራጀን። ቅጽ ሞላን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ስብሰባ ተቀመጥን። ሼዱም አልመጣ፣ ብድሩም አልመጣ። ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት ግን «ሥራ ካገኙ» ወጣቶች ዝርዝር ውስጥ አምስታችንንም አስገብቶን አረፈው። ሥራ ፈትቼ እቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራተኛ ሆኜ ነበር ማለት ነው። ጉድ በል!

ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥራ አገኘ ያላችሁት ወጣት ከዓመት በኋላ ሥራው ላይ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት ስንቱ ከሥራ ተባረረ፣ ስንቱ ሱቅ ተዘጋ? ሦስተኛ፣ ስንት ይከፈለዋል? በ2011 የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 አምስት ዓመት ሲሞላው የደመወዙ ወለል ገና አልተወሰነም ነበር።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቋል። 380 ሜትር ነው። ድልድዩን አልጠላም፤ ያምራል፣ እኔም በየቀኑ እሻገርበታለሁ። ጫጫታውም ሆነ ጥይቱ ቆሞ ሰው ወጥቶ ካልገባ፣ ተሻግሮም የሚገባበት የሥራ በር ከሌለው ግን ድልድይ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

ነገ ጠዋትም ያ ልጅ እዚያው ይቆማል። ቆጣሪዎቻችን አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብቅ ብለው እሱንም ይቁጠሩት።