ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ቡኮውን ቀምሶ የፈረደ አይመስለኝም፤ ያቦካውን አይቶ ነው የፈረደው። ትምህርት ቤቶቻችንም የሚሠሩት በዚሁ ፍርድ ነው። ልጅ ይሰማል፣ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል። ማሰቡስ? እሱ ሲያድግ ይደርሳል።

መቼ እንደሚደርስ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ኮርስ ይጠብቃችኋል፤ በእንግሊዝኛ። የወሰዳችሁት ታስታውሱታላችሁ፦ የተሳሳቱ ሙግቶችን ስም ከነላቲናቸው ሸምድዶ ፈተና ላይ ማራገፍ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በሪሜዲያል የገቡትን ጨምሩበት። ያም ሆኖ አብዛኛው የዚህ አገር ልጅ «ለምን እንዲህ አልክ?» ተብሎ በቅጡ ሳይጠየቅ ከትምህርት ቤት ይወጣል። ማሰብ የአላፊዎች ሽልማት ነው እንዴ?

እኔ ፍልስፍና አራተኛ ክፍል ይጀመር ባይ ነኝ። የፈላስፎችን ስምና የተወለዱበትን ዘመን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ተዉት። ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ አንድ ጥያቄ መሐል ላይ ማስቀመጥና በምክንያት መነጋገር ማለቴ ነው።

ሐሳቡ ከኔ የመጣ አይደለም። ማቲው ሊፕማን ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ፈላስፋ ነው። ማሰብን ለማስተማር ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ልጆች አዞረና እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ጀርሲ፣ ሞንትክሌር ውስጥ የልጆች ፍልስፍና ተቋም መሠረተ። ለልጆቹ የጻፈላቸው ልብ ወለድ ነው። ዋና ገጸ ባሕርዩ ሃሪ ስቶትልማየር ይባላል (ስሙን ቶሎ ቶሎ ስትጠሩት አርስቶትልን ያመጣል)። ሃሪ ክፍል ውስጥ በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ሳለ መምህሩ ድንገት ይጠይቁታል፦ ረጅም ጭራ ያለው፣ በ77 ዓመት አንዴ ፀሐይን የሚዞር ምንድን ነው? ልጁ ትምህርቱን አልተከታተለም። ግን ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን እንደሚዞሩ ያስታውሳልና «ፕላኔት» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። መልሱ የሃሌይ ኮሜት ነበራ።

ሃሪ ለምን እንደተሳሳተ ማሰላሰል ይጀምራል። ፕላኔት ሁሉ ፀሐይን ይዞራል ማለት ፀሐይን የሚዞር ሁሉ ፕላኔት ነው ማለት አይደለም። ኪያር ሁሉ አትክልት ነው፤ አትክልት ሁሉ ግን ኪያር አይደለም። «ሁሉ» የምትል እውነት ስትገለበጥ ውሸት ልትሆን ትችላለች።

ቀላል ናት አይደል? አሁን ስልካችሁን ክፈቱ። «ያፈናቀሉን በሙሉ የእነ እንትና ልጆች ናቸው» ይላል አንዱ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሦስት ኮሜንት ሳትወርዱ ግን ተገልብጣ ታገኟታላችሁ፦ «የእነ እንትና ልጆች በሙሉ አፈናቃይ ናቸው።» ከሥሯ የላይክ መዓት። ይህችን የሚጽፉት ያልተማሩ ብቻ ቢሆኑ እኔም ባልጻፍኩ፤ ዲግሪ ያላቸው፣ ኮርሱን ወስደው ኤ ያመጡ ናቸው። የአስር ዓመት ልጅ በኪያር የሚገባው ነገር ለእነሱ የፈተና ቁሳቁስ ሆኖ ቀረ። ይህን የተማረ ሰው ሰው አይጠላም አልልም፤ እያወቀ የሚገለብጥም ሞልቷል። ነገር ግን አንባቢው ከልጅነቱ «ቆይ፣ ገለበጥካት እኮ» ማለት የለመደ ቢሆን ገልባጩ እንዲህ አይቀለውም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ዓመት ካሉ ልጆች ጋር አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እቀመጣለሁ። አሠራሩ የሊፕማን ነው፦ አጭር ታሪክ እናነባለን፣ ልጆቹ ጥያቄ ያወጣሉ፣ ሰሌዳው ላይ ከነስማቸው እጽፋለሁ፣ አንዱን በድምፅ ይመርጣሉ። አንድ ቀን የተመረጠው «እውነቱን አለመናገርና መዋሸት አንድ ናቸው ወይ?» የሚል ነበር። አንዱ ልጅ «ካልጠየቁኝ አልዋሸሁም» አለ። አጠገቡ ያለችው ዞር ብላ «ቢጠይቁህስ ትናገር ነበር?» አለችው። «አልናገርም።» «እንግዲያው ሳይጠይቁህም ዋሽተሃል።»

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ሌላ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አያቴ ሲሞት እናቴ እስኪነጋ አልነገሯትም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ሁሉም ዋሽተዋል ማለት ነው?» መርዶ! ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እነሱ እኮ ሊነግሯት ነው ዝም ያሉት» አለች፤ «ቀን ነው የጠበቁት። የሚዋሽ ሰው ግን ጨርሶ እንዳታውቅ ነው የሚፈልገው።» ከዚያ ደግሞ «ቢጠብቁ ቢጠብቁና ሳይነግሯትስ ቢቀሩ?» የሚል መጣ። እኔ በዚያ ሰዓት የተናገርኩት ቢበዛ አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አራቱም ጥያቄ። መደበቅና ማቆየት አንድ አለመሆናቸውን ያወጡት ልጆቹ ናቸው፤ ያወጡትም ከራሳቸው ቤት ለቅሶ ነው። ይህ ቡኮ ለማን ራት ነው የማይበቃው?

«ከባህላችን ጋር አይሄድም» የሚሉኝ አሉ። የትኛው ባህል? ሙግተኞች በአደባባይ ቆመው ቃል በቃል የሚተናነቁበት በላ ልበልሃ የማን ነው? እርግጥ እሱ የአዋቂ ነው፤ ዓላማውም መርታት ነው። ለልጅ የተተወችለት እንቆቅልሽ ናት። እወዳታለሁ፤ ግን መልሱ አስቀድሞ ጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው፤ ካላወቅክ አገር ትሰጣለህ። ክፍሎቻችን ይህችኑ ጨዋታ ይመስላሉ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ የገባው ፕላዝማማ ባሰበት፦ ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆጥራል፣ ማን ምን እንዳለ ሳይሰማ መልሱን ነግሮ ያልፋል።

ሌሎች ደግሞ «ውጤት ይጨምራል ወይ?» ይላሉ። እንግሊዝ ውስጥ በ48 ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪፖርቱ ሲወጣ ልጆቹ በንባብና በሒሳብ የሁለት ወር ያህል ቀደሙ ተባለ። ኋላ በሰፊው ሲደገም ግን በንባብ ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ውጤት ማሳደጊያ ነው ብሎ ለወላጅ መሸጥ ያማረው ካለ ይቅርበት። ስፖርት የምናስተምረው ሒሳብ ስለሚያሻሽል ነው?

የምቀበለው ተቃውሞ አንድ ነው፦ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል። ከባድ ነው። ግን ሠላሳው ሲነጋገር ሠላሳው አዳምጦ «ማን ምክንያት ሰጠ? ማን ዝም ብሎ ደገመ?» የሚለውን መመዝገብ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ክፍለ ጊዜውም አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለአንደኛ ደረጃ ልጆች አምጥቷል። «ታማኝነት ማለት...» ብሎ ትርጉም ከማስገልበጥ፣ በሳምንት አንዷን ሰዓት ለመርዶው ጥያቄ ስጧት። ፕሮጀክተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «እኔም መልሱን እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ልጆች ፊት መቀመጥ የሚችል መምህር ነው፤ እሱን ማሠልጠን ገንዘብ ከመመደብ ይከብዳል፤ ምክንያቱም መምህሩም ያለፈው በዚያው ክፍል ነው።

ወላጆች የሚፈሩት ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት «መላሰኛ አታድርጊብኝ» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቅዳሜ «ለምን?» የተባለ ልጅ እሑድ ቤቱ ውስጥ «ለምን?» ይላል። ልጃቸው ለምን እሱ ሳህን እንደማያጥብና እህቱ እንደምታጥብ ጠይቋቸዋል። ምን እንደመለሱለት ስጠይቃቸው ሳቁ፤ እስካሁን አልመለሱለትም።