የድመት ማስነጠስ፦ ከመድኃኒት በፊት ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች

የቤት ድመት ደጋግማ ስታስነጥስና ንፍጧ ሲወርድ ባለቤቷ «ጉንፋን ይዟታል» ማለቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። የሚያሳስበው ከዚያ ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ከሰው የተረፈ ክኒን ይሰጣታል፤ ወይም በቂ ምርመራ ሳይደረግ አንቲባዮቲክ ይታዘዝላታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

ማስነጠስ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። በድንገት የሚጀምረው የድመቶች የላይኛው መተንፈሻ አካል ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ቫይረሶች ነው፤ እነርሱም የድመት ሄርፒስ ቫይረስ ዓይነት 1 እና የድመት ካሊሲ ቫይረስ ናቸው። የዓይን ብሌን ቁስለት የመጀመሪያውን፣ የምላስ ቁስለት ሁለተኛውን ያስጠረጥራል። እንደ ክላሚዲያና ቦርዴቴላ ያሉ ባክቴሪያዎችም ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም አንቲባዮቲክ በቫይረስ ላይ ኃይል የለውም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የተጓዳኝ እንስሳት ተላላፊ በሽታዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር መመሪያ፣ መግል መሰል ንፍጥ ከትኩሳት፣ ከድካም ወይም ከምግብ እምቢታ ጋር ካልተያያዘ በቀር፣ ድመቷን ያለ አንቲባዮቲክ እስከ 10 ቀን መከታተል እንደሚቻል ይመክራል።

ሄርፒስ ቫይረስ ድመቷ ካገገመች በኋላም በነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ቤት መቀየር፣ የአዲስ ድመት መምጣት ወይም ወሊድ ሲያስጨንቃት ዳግም ይቀሰቀሳል። እንግዲህ ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር «የቀድሞው መድኃኒት አልሠራም» ብሎ ወደ ጠንካራው መሸጋገር መንስኤውን መሳት ነው። ክትባትም ቢሆን ሕመሙን ያቀላል እንጂ መያዝን ፈጽሞ አያስቀርም።

የሰው የጉንፋን ክኒን ደግሞ ከጥቅም የለሽነት አልፎ ይገድላል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሚያንሰው፣ አንድ ክኒን እንኳ ቀይ የደም ሕዋሳቷን ጎድቶ ለሞት ሊያበቃት ይችላል።

ላቦራቶሪ በማይገኝበት ሁኔታ ሐኪሙ ሌላ ምን አማራጭ አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ዋና ጥያቄዎች ላቦራቶሪ አይሹም። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ንፍጡ ከአንድ ወገን ነው ወይስ ከሁለቱም? ድመቷ ትበላለች? ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ ወይም ደም የቀላቀለ ንፍጥ የገባ ባዕድ ነገርን፣ የጥርስ ሥር መመርቀዝን ወይም ዕጢን ሊያመለክት ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር አለበት። ማሽተት የተሳናት ድመት ደግሞ ምግብ ትተዋለች፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች ጥቂት ቀናት አለመብላቷ ጉበቷን ለአደጋ ያጋልጣል።

አንቲባዮቲክ በእርግጥ ሲያስፈልግ መመሪያው የሚያስቀድመው ዶክሲሳይክሊንን ነው። ይኸው መድኃኒት በጤና ተቋሞቻችን ለታይፈስና ለብሩሴሎሲስ የሚታዘዝ ነው። ድመት ከሕፃናት ጋር በአንድ አልጋ በምትተኛበት ቤት ያለ አግባብ የሚሰጣት ክኒን የሚያፈራቸው መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከእርሷ ጋር ብቻ አይቀሩም። በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍሎቻችን ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከድመት ጋር በተያያዘ ከእብድ ውሻ በሽታና ከቶክሶፕላዝማ ባሻገር የአፍንጫ ናሙናንና የክሊኒክ ማዘዣ መዝገብን የጥናት ርእስ ቢያደርጉ፣ አንቲባዮቲክ ለማንና ለምን እየታዘዘ እንደሆነ በማስረጃ መናገር ይቻላል።