«ልብ ወለድ እኮ ነው!»

በመጽሐፍ ምረቃ ላይ አንድ አንባቢ ይነሣና «ይህ ያሉት ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም» ይላል። ከመድረክ የሚመለሰው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ልብ ወለድ እኮ ነው!» አዳራሹ ይስቃል፣ ከፊሉ ያጨበጭባል፣ ጠያቂው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ደራሲው አመለጠ፤ አንባቢው ደግሞ ጥበብ የማይገባው ሰው ሆኖ ቀረ። ይህ መልስ በጥበብ ሰፈር ከምንሰማቸው ሰበቦች ሁሉ ሰነፉ ነው። ሠዓሊው «የሥነ ጥበብ ነፃነት» ይለዋል፣ ፊልም ሠሪው «በጀት የለም» ይላል። ሲፈታ ግን ያው ነው፤ መጽሐፍ አልገለጥንም፣ የሚያውቅ ሰው አልጠየቅንም።

ታሪኩን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የሚተክል ደራሲ እናስብ። ንጉሡ የገዙት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲያችን ግብር ያበላል፤ በርበሬው ዐይን የሚያስለቅስ ዶሮ ወጥ ለመኳንንቱ ይቀርባል። በርበሬ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ኮሎምበስ ባሕሩን የተሻገረው በ1492 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሡ ካረፉ ከ24 ዓመት በኋላ ነው። በቆሎውም፣ ቲማቲሙም፣ ድንቹም፣ ትምባሆውም ከዚያው አህጉር የመጡ ናቸው።

«እና ምን ይሁን? አንድ ወጥ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔን የሚያስቆጨኝ ስሕተቱ አይደለም፤ ስሕተቱ የጋረደው ታሪክ ነው። በርበሬ ከሌለ ወጡ በምን ይጣፍጣል? ዝንጅብል አለ፣ ሰናፍጭ አለ፣ ኮረሪማ አለ። ትልቅ ሰው ግብር ሲያበላ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ቁንዶ በርበሬ ይፈለጋል። የባሕር ማዶ ዕቃ ከሚገባባቸው ትልልቅ በሮች አንዷ ዘይላ ናት፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የአዳል ሱልጣን በድላይ አለ፤ ንጉሡ በ1445 እ.ኤ.አ. ጦር ገጥመውታል። አሁን ወጥ ቤቷ የቅመም መሶቡን ከፍታ ስታሟጥጥ፣ ነጋዴው ለምን እንደዘገየ ስትጠይቅ፣ ጦርነቱ በወጥ ቤት በር ገባ ማለት ነው። ደራሲው ይህን ሁሉ ትቶ ከራሱ እናት ጓዳ በርበሬ ወሰደ። ፈጠራ ብሎ የተሟገተለት ነገር ፈጠራ ሳይሆን ልማድ ነበር።

ሠዓሊውም ከዚህ አይድንም። የፋሲልን ግንብ ሲሥል ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ አገሩን ያለበሰው ከምኒልክ ዘመን ወዲህ፣ አዲስ አበባ ማገዶ ባጠራት ጊዜ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ጥድ፣ ወይራና ዋንዛ ይሣል። ጀበናም እንዲሁ ነው፤ ቡና በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ተብሎ ይነቀፍ እንደነበር እየታወቀ፣ በየታሪካዊ ፊልሙ በካህናቱ ፊት ረከቦት ይደረደራል።

የቅርቡ ዘመን ደግሞ ይብሳል፤ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋልና። ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የሚጽፍ ሰው ገጸ ባሕርይውን ቴሌቪዥን ፊት ቢያስቀምጠው ስቷል፤ ቴሌቪዥን በአገራችን የጀመረው በ1957 ነው። የዚያን ሰሞን ሕዝቡ የአልጋ ወራሹን ድምፅ የሰማው በሬዲዮ ነው። ሾፌሩ ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲነዳ የሚሄደው በግራ በኩል ነው፤ ወደ ቀኝ የዞርነው በ1956 ነው። መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑበት አረንጓዴ ሳሎን የነበረው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተቋቋመበት ሕንፃ ሆነ። እንግዲህ ደራሲው የሚያጠናበት ግቢና የሚጽፍበት ድርጊት የተፈጸመበት ግቢ አንድ ሆነውለታል። ከዚህ በላይ ዕድል ከየት ይመጣል? ሆኖም የስድስት ኪሎን በር ሳይረግጡ ስለ ታኅሣሥ ግርግር የሚጽፉ አሉ።

አንዱን ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳይ። የዓድዋን ዋዜማ የሚጽፍ ሰው ሰንጋ ጥሎ፣ ሠራዊቱን ጥሬ ሥጋ እያስቆረጠ ሲያስፎክር ትዕይንቱ ይሞቅለታል። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጾም ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፤ የባሕረ ሐሳብ ስሌት በእርሳስና በቁራጭ ወረቀት ይሠራል። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመትና 1888 ሲደመር 7388 ነው። ለ19 ሲካፈል 16 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 15 ይሆናል። 15 በ19 ሲባዛ 285፣ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 15 ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። በዚያ ዓመት መስከረም 1 ረቡዕ ስለነበረ መስከረም 15ም ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4፤ 15 እና 4፣ 19። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ናት፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 19 ገባች፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከዚያ 14 ቀን ዘግይቶ የካቲት 3 ተያዘ። የካቲት 23 አራተኛው እሑድ፣ መጻጉዕ ነው።

እንግዲህ ሠራዊቱ ጾመኛ ነው። ደራሲው ሰንጋውን መጣል ከፈለገ ጾሙን የሚፈታ ካህን ማምጣት አለበት፤ አንዱ ወታደር «ነገ ልሞት ዛሬ አልገድፍም» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል፤ ጓደኛው ደግሞ ሊበላ። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቁርጥ ሥጋ ሊጣሉ ነው። የዕለቱ ወንጌል ደግሞ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረው ሰው ታሪክ ነው፤ ለጦርነት ቀን ይህን የመሰለ ንባብ ደራሲ ራሱ ፈጥሮ ቢጽፈው «በዛ» ይባል ነበር። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይህን ሁሉ ሰጠችው። «ጥናት ፈጠራን ይገድላል» የሚለው ባልደረባዬ ይህን ስሌት ሠርቶ ካየ በኋላ ቢከራከረኝ እወዳለሁ።

የመሣሪያ እጥረት የለብንም። ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ሲደክሙበት ኖሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 አሳተሙት፤ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 አወጡ። ሦስት ትውልድ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ለቃል ሰጡ። የዛሬው ደራሲ ግን መዝገበ ቃላትን የሚያነሣው የፊደል ግድፈት ሲያከራክረው ብቻ ነው። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ከ1942 ጀምሮ አለ። የመሬቱ ሥሪት፣ ግብሩ፣ የቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍል፣ ማዕረጉ፣ የፈረስ ስሙ ሳይቀር እዚያ ተዘርዝሯል። ቀኛዝማች ደጃዝማችን የሚያዝዝበት ልብ ወለድ የሚጻፈው ይህ መጽሐፍ ባልተገለጠበት ቤት ነው።

መዝገበ ቃላትን ቃል ማስተካከያ ብቻ አድርገው ለሚያዩት አንድ ነገር ልጨምር። በገጠር ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ገበሬ «በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ዋለ» ይባልና ያልቃል። የሚይዘው እርፍ ነው፤ ከእርፉ ወደ ታች ማረሻው፣ ድግሩ፣ ወገሉ አለ፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው ምራን የሚባል ጠፍር ነው። ዝናብ ባረገዘ ቀን፣ እርሻ መሀል፣ ምራኑ ቢበጠስስ? ቅርብ ያለው ምራን የድንበር ባላጋራው ቤት ቢሆንስ? አንዲት የቆዳ ጠፍር ምዕራፍ ሙሉ ትሸከማለች። ቃሉን የማያውቅ ደራሲ ይህ ግጭት አይታየውም፤ ያልታየውን ደግሞ በምሬት ንግግርና በጨረቃ ብርሃን ይሞላዋል።

«ታላላቆቹስ መች ቤተ መጻሕፍት ገቡ?» የሚል ክርክር አለ፤ ከሁሉም ጠንካራው ይኸኛው ነው። እውነት ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከመጽሐፍ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። በጎጃም በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ሰው ነበሩና። በዓሉ ግርማም «ኦሮማይ»ን የጻፈው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሰውነቱ የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ካየ በኋላ ነው። እነሱ መዝገቡን በአካላቸው ይዘውት ነበር። በኮንዶሚኒየም ያደገ፣ በሬ ያየው በበዓል ዋዜማ ብቻ የሆነ ደራሲ የእነሱን ቸልታ ሊወርስ አይችልም፤ ያወረሱት ኑሮ የለምና። የእነሱን ኑሮ በመጽሐፍና በመጠየቅ መተካት ግዴታው ነው። አፈወርቅ ተክሌ እንኳ ለንደን ሥዕል ተምረው ሲያበቁ በቃኝ አላሉም፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ያሉትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ቁጭ ብለው አጥንተዋል። የአፍሪካ አዳራሽን መስተዋት የሠራ እጅ ይህን ያህል ካስፈለገው ለእኛ ስንት ያስፈልገን?

ሼክስፒርን ምስክር የሚጠሩም አሉ፤ «ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ ሮም ላይ ሰዓት ይደውላል፣ ማን ጠየቀው? ይላሉ። ጥሩ። ግን ያን ትያትር ሲጽፍ የፕሉታርክን ታሪክ በቶማስ ኖርዝ ትርጉም ይዞ ነው የጻፈው። ከመጽሐፉ የወሰደውን ትተን ሰዓቱን ብቻ መውሰድ ስሕተቱን እንጂ ሥራውን መውረስ አይደለም።

አሁን ደግሞ ስልክ አለ። «የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ገበያ» ብለው ሲጠይቁት ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በደቂቃ ውስጥ ሥዕል ያወጣል። ያማረ ነው፣ ከየት እንዳመጣው ግን አይናገርም። «ዝክረ ነገር»ን ግን ልትሞግተው ትችላለህ፤ የጻፈው የቤተ መንግሥት ሰው ነው፣ ገባሩ ቢጽፈው ሌላ ይል ነበር ትላለህ። ጸሐፊው ይታወቃል፣ ዘመኑ ይታወቃል፣ አድልዎውም ይታወቃል። ምንጭ የሌለው ሥዕል ግን አይሞገትም፤ ይወደዳል ወይም ይጠላል፣ አለቀ። ስልኩን ጣሉት ማለቴ ግን አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ የሠሩላቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂዎች ይዟል፤ ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይቻላል። የጥንቱን ልብስ፣ የፈረሱን ዕቃ፣ የዙፋኑን ቅርጽ የዘመኑ ሰው በሣለው መሠረት ማየት የሚፈልግ ሠዓሊ አልጋው ላይ ተጋድሞ ማየት ይችላል። ያው ስልክ፣ ያው ዳታ ነው።

ተቃራኒውም በሽታ አለ። ሦስት ወር አጥንቶ ሦስቱንም ወር አንባቢው ጭንቅላት ላይ የሚያራግፍ ደራሲ አይቻለሁ፤ ገጸ ባሕርያቱ ፍቅር ሊገላለጹ ቁጭ ብለው ስለ ጉልትና ርስት ልዩነት ይማማራሉ። ይህ ድርሰት ሳይሆን የትምህርት ማስታወሻ ነው። አሥር አንብቦ አንዱን ማስቀመጥ የሙያው ወግ ነው፤ ዘጠኙ ግን ባይጻፉም ይሠራሉ፤ ደራሲው የት እንደቆመ ያውቃልና እጁ አይንቀጠቀጥም።

ጥፋቱ የደራሲው ብቻ ነው ብል ግፍ ይሆናል። አሳታሚው ለሽፋን ሠሪ ሲከፍል ለአርታኢ አይከፍልም። ነባሮቹ መዛግብት በመደብር ጠፍተው በየአሮጌ መጻሕፍት ተራው በእጥፍ ድርብ ዋጋ ይሸጣሉ፤ አቅም የሌለው ደራሲ ደብዛዛ የፎቶ ቅጂ በቴሌግራም ይለቃቅማል። ሐያሲውም ስለ «ጥልቅ ስሜት» አራት ገጽ ጽፎ ስለ በርበሬው አንድ መስመር አይጽፍም። ገንዘብ ያላችሁ አሳታሚዎች፣ «ዝክረ ነገር»ን ከነማውጫው፣ በደህና ወረቀት፣ ተማሪ በሚችለው ዋጋ አሳትሙልን። ትርፉ ከሌላ አሥር ትርጉም መጽሐፍ ባይበልጥም አያንስም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሥራ አለህ። ታሪካዊ ልብ ወለድ ስትገዛ የምስጋናውን ገጽ ቀድመህ አንብብ። ስፖንሰሩና የትምህርት ቤት ጓደኞች ተዘርዝረው አንድ መሪጌታ፣ አንድ ገበሬ፣ አንድ የመዛግብት ሠራተኛ ካላገኘህ፣ በሚቀጥለው ምረቃ ተነሥተህ «ማንን ጠየቁ?» በል። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ካሉህም አትቀመጥ፤ ጥያቄውን ድገመው።