ከለቅሶው በፊት እንሰብሰብ

የፔታህ ቲክቫ እናቶች፣ አባቶች፣ ቄሶችና ሽማግሌዎች ሆይ፦ የሽናይደር ሕጻናት ሆስፒታል ደጃችን ላይ ነው። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ጄኤምኤምኤል የሚሉት የደም ካንሰር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሕጻናት አንድ ሁለቱን ቢይዝ ነው፤ የያዘውን ግን ፋታ አይሰጠውም። የሕጻኑ ጣፊያ አብጦ ሆዱ ይነፋል፤ ትኩሳቱ አልወርድ ይላል። መድኃኒት ብቻውን አይፈውሰውም። አብዛኞቹ የሚድኑት የሌላ ሰው መቅኒ ሲያገኙ ነው።

ከማን? ወንድም ወይም እህት የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። እኛ ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥረን ስለምንጋባ ከዘመድ መሐል የሚገጥም ማግኘት ይከብዳል። ለጋሹ ብዙውን ጊዜ የማናውቀው፣ ግን ከእኛው ዘር የሆነ ሰው ነው። የኤዘር ሚጽዮን የመቅኒ ለጋሾች መዝገብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስም ይዟል፤ የታመመ ልጃችን ዕድል ግን የሚሰፋው የእኛ ስም ሲበዛበት ነው።

«ደማችንን ደፍተውት የለ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። በጃንዋሪ 1996 ማጌን ዴቪድ አዶም የለገስነውን ደም በስውር ሲጥል መኖሩ ተጋለጠ፤ በሺዎች ሆነን ኢየሩሳሌም ወጥተን ጮኽን። ያ ቁጣ ዛሬም ልክ ነው። ግን በዚያ ቂም ከመዝገቡ ብንቀር የምንጎዳው የገዛ ልጃችንን ነው።

ለመመዝገብ ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ማስጠረግ ይበቃል። የገጠመለት ሰው ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋል፤ ከዚያ ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ማሽኑ የሚፈለጉትን የመቅኒ ሴሎች ለይቶ ቀሪውን ደም ይመልስለታል። አጥንቱን ይቆረጥመው ይሆናል፤ አካሞል ያስታግሰዋል። አከርካሪ ይነካል የሚባለው ወሬ ነው፤ መቅኒው በቀጥታ ሲቀዳ እንኳ ከዳሌ አጥንት፣ በማደንዘዣ ነው።

ይህን በአማርኛ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ለመለገስ ዕድሜያችሁ አልፏል። ቃላችሁ ግን ገና ይሰማል። ወታደር የምትሆነውን የልጅ ልጃችሁን «የሠራዊቱ መግቢያ ባኩም ስትደርሺ የጉንጭሽን ናሙና እሺ ብለሽ ስጪ» በሏት። ቄሶቻችን ከጸሎት በኋላ ይናገሩ። ሰው ሲሞት ከቂርያት ጋት፣ ከነታንያ፣ ከሐይፋ አውቶቡስ ሞልተን የምንመጣ ሕዝብ ነን፤ ለታመመ ሕጻንም እንዲሁ እንምጣ። በስግድ በዓል አርሞን ሃናጺቭ ላይ ያ ሁሉ ወጣት ሲሰበሰብ የመመዝገቢያ ጠረጴዛ እንዲዘረጋ ከዛሬ ጀምረን እንጠይቅ፤ ጾሙ ተፈትቶ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ልጆቻችን ተራ ይያዙ።